ተጠባባቂዎቹ

ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች መለያየት ነበረባቸው። ቀዩ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሰማያዊው ባለበት ይሄዳል፤ ፊሽካ ዓመቱን ሙሉ ደፋ ቀና ያለው ይህን ለማየት ነበር። መስመሮቹ ግን አብረው እንዳረጁ ባልና ሚስት ተደጋግፈው ቁልቁል ወረዱና አንድ ላይ ቆሙ።

«እስቲ እንደገና ክፈተው» አለ ፊሽካ።

ሽቦ እንደገና ከፈተው። መስመሮቹ እንደገና ተያይዘው ወረዱ።

«ጉድ እኮ ነው» አለ ሽቦ። ቃሉ የድንጋጤ ነው፤ ድምፁ ግን የድንጋጤ አልነበረም። ወይም ለፊሽካ እንደዚያ መሰለው። ቀና ብሎ ሲያየው ሽቦም እሱን እያየው ነበር። ሁለቱም እኩል ዐይናቸውን ሰበሩ።

ሁለቱም የኪኔሲዮሎጂ፣ ማለትም የሰው ሰውነት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚጠናበት ትምህርት፣ የማስተርስ ተማሪዎች ናቸው። ሁለቱም ስማቸውን ለቅጽል ስም ካስረከቡ ቆይተዋል። ፊሽካ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመመለሱ በፊት የስፖርት መምህር ነበር፤ ፊሽካውን ከአንገቱ ሲያወልቅ ስሙ አብሮ አልወለቀለትም። ሽቦ ደግሞ ቀጭን ነው፤ በዚያ ላይ ቀኑን የሚያሳልፈው ከላቦራቶሪው ኬብሎች ጋር ሲተበተብ ነው።

የፊሽካ ጥናት ለማንም ይገባል። ሰው ሲያረጅ ሚዛኑ ይደክማል፤ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ይሰበራል። በልምምድ ሚዛንን መመለስ ይቻላል ወይ? ይህን ለማወቅ ዕድሜያቸው የገፋ ፈቃደኞችን አሰባሰበ፤ በዕጣም ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ «ሠልጣኞች» ተባሉ። አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ በአንድ እግር መቆም፣ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ መራመድ፣ ዐይን ጨፍኖ ሳይወላወሉ መቆየት ታለማምዳቸዋለች። የቀሩት «ተጠባባቂዎች» ተባሉ። እነሱ ጥናቱ እስኪያልቅ እንደ ወትሯቸው ይኖራሉ፤ ልምምዱ የሚደርሳቸው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያም በመጨረሻም ሁሉም ወደ ላቦራቶሪው መጥተው፣ ከወለሉ ጋር እኩል ሆኖ የተቀበረ የብረት ሰሌዳ ላይ በአንድ እግር ይቆማሉ። ሰሌዳው የቆመበት ሰው የቱን ያህል እንደሚወዛወዝ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ሠልጣኞቹ ከተጠባባቂዎቹ አንሰው ከተወዛወዙ ልምምዱ ሠርቷል ማለት ነው።

አሁን ሠልጣኞቹ በጣም ተሻሽለዋል። ተጠባባቂዎቹም በጣም ተሻሽለዋል። ልምምዱ ባይሠራ ኖሮ ሁለቱም ባሉበት በቀሩ፤ ያም ቢሆን አንድ ውጤት ነው፣ ይጻፋል። ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ የከረመ የሰባ ዓመት ሰው እንዴት አድርጎ ነው እንደ ሽመላ በአንድ እግር መቆም የሚጀምረው? አንድ ሰው እጁን አስገብቷል።

አንድ ደንብ አለ። የሚለካው ሰው ማን ሠልጣኝ፣ ማን ተጠባባቂ እንደሆነ ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ሳይታወቀው ዐይኑ ያዳላል። ስለዚህ የፊሽካን ተሳታፊዎች ድልድል የያዘው ሽቦ ነበር፤ የሽቦን ደግሞ ፊሽካ። በዚያ ላቦራቶሪ ወጉ እንዲህ ነው፣ አንዱ የሌላውን ምስጢር ይጠብቃል። አዛውንቶቹም «ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ ለፊሽካ እንዳትነግሩት» ተብለዋል። እናም ፊሽካ ዓመቱን የከረመው ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ አፉን በሚዘጋበት ዓለም ነበር፤ ያንንም የጠየቀው ራሱ ነው።

ጥርጣሬ ለመግባት የተከፈተ በር አይፈልግም። እዚህ ግን በሩ ወለል ብሎ ነበር።

ሽቦ በጥናቱ መበላሸት ምን ይጠቀማል? ይህን ለመመለስ ፊሽካ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። አማካሪያቸው ፕሮፌሰሯ በመጪው ዓመት የሚቀበሉት አንድ የዶክትሬት ተማሪ ብቻ ነው። ቦታውን ሁለቱም ይፈልጉታል፤ ሁለቱም እንደሚፈልጉት ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ አንድም ቀን ተነጋግረውበት አያውቁም። የፊሽካ ጽሑፍ በሚቀጥለው ወር በመርማሪዎች ፊት ይቀርባል። ካልቀረበ ቦታው ያለ ክርክር የሽቦ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለፈው ሁሉ መልኩ ተቀየረበት። ሽቦ አንድ ቀን «እነዚህ ሰዎች የአክስትህ ጎረቤቶች ናቸው አሉ፤ እውነት ነው?» ብሎት ነበር።

«ብዙዎቹ አዎ። ፕሮፌሰሯም ያውቃሉ። ምነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

እንዲያው የሚጠየቅ ጥያቄ አለ እንዴ? ሌላ ቀን ደግሞ ፊሽካ በካፍቴሪያው መስኮት ሲያልፍ ሽቦን ከአንዲት ተሳታፊው ጋር ተቀምጦ አየው። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ አሁን ድልድሉ ሲገለጥ ከተጠባባቂዎቹ ወገን ሆነው ተገኝተዋል። ሽቦ አንገቱን ወደ እሳቸው አስግጎ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቃል፣ አዋላጇ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፊሽካ ሲገባ ሁለቱም ዝም። «ስለ ጉልበቴ እያማከርኩት ነው» አሉ አዋላጇ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ፕሮፌሰሯ ሁለቱን መስመሮች መነጽራቸውን አውልቀውም አጥልቀውም ተመለከቷቸው።

«እነዚህ ተጠባባቂዎችህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ምን ሲጠባበቁ ነው እንዲህ የጠነከሩት?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው፣ ፕሮፌሰር።»

«ሰሌዳው ተዛብቶ ይሆናል። ፈትሸው። ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉንም እንደገና ጠርተህ ለካ።»

ፊሽካ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ሊቀበል ሽቦ ዘንድ ሄደ። ቁልፉ ድሮ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ በቅርቡ ሽቦ አንገቱ ላይ ማሰር ጀምሯል።

«ምን ሊያደርግልህ?» አለ ሽቦ።

«ሰሌዳውን ልፈትሽ።»

«አብረን እንፈትሸው።»

«ብቻዬን ይሻላል።»

«ለማን ነው የሚሻለው?»

ፊሽካ እጁን ዘረጋ። ሽቦ ማሰሪያውን በአንገቱ በኩል ቀስ ብሎ አወለቀና ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠለት፤ ልጁን ለማያምነው ሞግዚት እንደሚሰጥ ሰው ዐይኑን ሳይነቅል።

ፊሽካ በሩን ከውስጥ ቆልፎ የታወቀ ክብደት ያላቸውን ብረቶች አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ እያስቀመጠ አነበበ። ሰሌዳው ቅንጣት አልዋሸም። የኮምፒውተሩን ፋይሎችም ፈተሸ፤ የተነካካ ነገር አላገኘም። ይህ ሊያረጋጋው ሲገባ ይበልጥ አሳሰበው። ዱካ ያልተገኘው ሌባው ስለሌለ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ሌባው ብልህ ስለሆነ ነው ብሎም ማሰብ ይቻላል። ሽቦ ደግሞ ብልህ ነው። ያን ዕለት ፊሽካ ሁለተኛው ሐሳብ ላይ አደረ።

ቤትም ሰላም አልነበረም።

ፊሽካ የሚኖረው ከአክስቱ ጋር ነው። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጅ የላትም፤ አፏም አያርፍም። ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ሰው እንዴት እንደሚራመድ ነው የሚያጠናው» ትላለች። ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ይህን ሲሰሙ «እስከዛሬ አልቻለም እንዴ?» ብለው ነበር፤ ቀልዱ በሕንጻው ውስጥ እስካሁን ይዞራል። ሹፌሩ ከሠልጣኞቹ አንዱ ናቸው። መጀመሪያ የተለኩ ዕለት ሰሌዳው ላይ ወጥተው፣ መሪ እንደያዘ ሰው ሁለት እጃቸውን ከፊታቸው ዘርግተው፣ «አይዞህ ልጄ፣ አናሳፍርህም» ብለውት ነበር። ፊሽካ ለጨዋታ ነው ብሎ ስቆ አለፈው።

አሁን አሁን ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ሶፋው ከቦታው ይንቀሳቀሳል፤ ጠዋት ትቶት የሄደው መሐል ወለሉ ላይ ነው፣ ማታ ሲመጣ ግድግዳው ስር ተጠግቷል። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ከበሩ ኋላ ይቆማል። የመመገቢያው ወንበሮች ቦታቸውን ይሳሳታሉ። ሁለት ሰው በሚኖርበት ቤት የእቃ ማጠቢያው ዳር የታጠቡ ብርጭቆዎች ተደርድረው ይንጠባጠባሉ። አክስቱ ስልክ ስታወራ እሱ ከገባ «እሺ፣ ሰው መጣ» ብላ ትዘጋለች። ሰው! በገዛ ቤቱ «ሰው» ሆነ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ሹፌሩን ደረጃው ላይ አግኝቷቸዋል፣ ከእነ ፊሽካ በር ተነሥተው ወደ ላይ ሲወጡ እንጂ ከላይ ሲወርዱ አይደለም፤ ፊታቸው ወዝቶ፣ እያፏጩ።

አክስቱ የፈለገችውን ብታደርግ መብቷ ነው፤ ግን ለምን ትደብቀዋለች?

«እትዬ፣ ጋሼ ሹፌሩ ዛሬ እዚህ ነበሩ እንዴ?»

«እ? አዎ… ቧንቧው አስቸግሮኝ።»

«የቱ ቧንቧ?»

«ተሠርቷል ስልህ! አንተ ደግሞ ፖሊስ ሆነህ ነው የመጣኸው? ይልቅ ውጤቱ ምን ሆነ? ወጣ አይደል?»

«ወጣ።»

«ሰዎቹስ? እንዴት ሆኑ?»

«ሁሉም ተሻሽለዋል።»

«እሰይ!» አለች እጇን አጨብጭባ። «እሰይ የኔ ጌታ! አላልኩም? ሁሉም?»

«እሰይ የሚያሰኝ አይደለም፣ እትዬ። ሁሉም መሻሻል አልነበረባቸውም። አንድ ሰው ነገሩን አበላሽቶብኛል። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ልለካቸው ነው።»

ጭብጨባው አየር ላይ ቀረ። አክስቱ ለአፍታ አየችውና ምድጃ ላይ ምንም ሳይኖር «ተቃጠለብኝ» ብላ ወደ ማእድ ቤት ገባች። ፊሽካ ይህንንም ልብ አለ፤ ግን ልቡ በሽቦ ተይዞ ነበርና ሁለቱን ነገር አላገናኛቸውም። የምንጠረጥረው ሰው እንደ ረጅም ሰው ነው፤ ፊታችን ከቆመ ከኋላው ያለውን አያሳየንም።

በማግስቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ሌላ ሐሳብ መጣበት። የሽቦ ጥናት ድልድል እሱ እጅ ነው። ሽቦ የሯጮችን ጉልበት ነው የሚያጠናው፤ ገና አልተገለጠም። ሁለት ስም ቦታ ቢለዋወጥ ማን ያውቃል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ እጅን አጣጥፎ መመንጠር ደግሞ ጅልነት ነው። ፋይሉን ከፈተው። ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆየ። ከዚያ እጁን እንደተቃጠለ ሰው አነሣና ፋይሉን ዘጋው። «ይሄንን እኔ ካላደረግሁት፣ እሱ ለማድረጉ ምን ማስረጃ አለኝ?» የሚል ጥያቄ ለጊዜው ውልብ ብሎበት ነበር፤ አላስቀመጠውም። ይልቅስ ለፕሮፌሰሯ አጭር መልእክት ጻፈ፦ ስለ ሽቦ የምነግርዎት ከባድ ጉዳይ ስላለ ብቻዎን ቢያነጋግሩኝ። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ና» የሚል መልስ መጣ።

የሚነግራቸውን ቃል በቃል አሰናዳ። ሽቦ ከተሳታፊ ጋር በድብቅ ተነጋግሯል፤ ቁልፉን ለብቻው ይዟል፤ ድልድሉ እሱ እጅ ነበር፤ ጥቅምም አለው። ክሱ ከተሰማ ሽቦ ከዶክትሬቱ ብቻ ሳይሆን ከማስተርሱም ሊባረር እንደሚችል ያውቃል። በዚህ ሙያ ስም አንዴ ከጎደፈ የሚያጸዳው ሳሙና የለም። ስለዚህ ፍትሐዊ ልሁን አለ። የመጀመሪያው ልኬት ቅጂ ቤት፣ ፍላሽ ላይ አለ፤ ከላቦራቶሪው ጋር አስተያይቶ ካልተለያየ አንድ ክስ ይቀንሳል። ምሳ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ቤት ሄደ። በዚያ ሰዓት ቤት ሄዶ አያውቅም።

ደረጃውን ሲወጣ ከበሩ ወዲያ ድምፅ ሰማ። የወንድ ድምፅ ነው።

«ተጠንቀቁ! በሩ ሊዘጋ ነው! ግራ እግር ተነሣ!»

ፊሽካ ቁልፉን ቀስ ብሎ አዞረ።

ሶፋው ግድግዳው ስር ነበር። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ቆሟል። ባዶው ወለል ላይ ጫማቸውን ያወለቁ አዛውንቶች በሁለት ረድፍ በአንድ እግር ቆመዋል፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው። ከፊታቸው ሹፌሩ አሉ፣ የማእድ ቤቱን ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። በስተቀኝ አዋላጇ፣ ካጠገባቸው ጡረተኛዋ ስልከኛ፣ ኋላ ሌሎቹ፤ ፊሽካ ፊታቸውን በዐይኑ ለቀመው። አንድም አልሳተም፤ ሁሉም ተጠባባቂዎቹ ነበሩ። አክስቱ ጥግ ላይ ወንበር ደግፋ ቆማ፣ የሚንገዳገድ ቢኖር ለመያዝ ተዘጋጅታለች።

የሚንገዳገድ ግን አልነበረም። ፊሽካን ያሳመመው ይህ ነው። የአዋላጇ ዳሌ ቀጥ ብሏል፤ የስልከኛዋ ቁርጭምጭሚት ሚዛናቸውን በትክክል እያረመ ነው። እንከን የለሽ አቋም።

«ቀጣዩ ፌርማታ ሩቅ ነው!» አሉ ሹፌሩ። «ማንም እንዳይወርድ!»

«እዚህ ጋ ወራጅ አለ» አለ ፊሽካ።

ዐይኖች ሁሉ ተከፈቱ። ያን ጊዜ እንኳ ማንም እግሩን አላወረደም፤ እንዲሁ በአንድ እግር ቆመው አዩት። በመጨረሻ አክስቱ «ኧረ እግራችሁን አውርዱ፣ ተይዘናል» አለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» ፊሽካ ድምፁ ከራሱ የወጣ አልመሰለውም። «እናንተ ተጠባባቂዎች አይደላችሁም እንዴ?»

«ተጠባበቅን እኮ!» አሉ አዋላጇ። «ስንት ይጠበቃል? እኔ ዕድሜ ልኬን ምጥ ስጠብቅ ኖሬ እንዲህ ያለ መጠባበቅ አላየሁም።»

«ማን ነው ያመጣው?»

ሁሉም አክስቱን አዩ። አክስቱ ወንበሩን አየች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሰዎቹን የለመንኩልህ እኔ አይደለሁ? በየቤቱ እየዞርኩ? አንተ ብረቱ ላይ ታቆማቸዋለህ፣ ፈተና ነው። ጋሼና ጓደኞቻቸው ተምረው ይመጣሉ፤ እነዚህ ሳይማሩ ይፈተናሉ። ይወዛወዛሉ ማለት ነው። ግማሹ ሰው ከወደቀ ልጄ ምን ሊያልፍ ነው? አልኩና… ጋሼን ለመንኳቸው። ከአዳራሽ የተማሩትን እዚህ መጥተው ያስተምራሉ።»

«ከእኔ ይሁን ጥፋቱ» አሉ ሹፌሩ ፎጣውን ከትከሻቸው እያወረዱ። «ተሳፋሪ ጥዬ ሄጄ አላውቅም፤ አሁን በስተርጅና ልጀምር?»

ፊሽካ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን የሚያርፍበት አጣ።

«እትዬ» አለ፣ «እነሱ መወዛወዝ ነበረባቸው። ካልተወዛወዙ የጋሼ መሻሻል ከምን ጋር ተነጻጽሮ ይታያል? ያልሠለጠነ ሰው ምን እንደሚመስል የሚያሳዩኝ እኮ እነሱ ነበሩ።»

አዛውንቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ታዲያ ይሄንን ቀድመህ አትነግረንም ነበር?» አሉ ሹፌሩ።

«ብነግራችሁ ልትወዛወዙልኝ ነዋ!»

ይህን ሲል የስልከኛዋ ፊት በራ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ የኖሩ ናቸውና ለችግር ሁሉ መስመር አያጡለትም። «አልረፈደም እኮ» አሉ። «ሳምንት ትለካን የለ? እንወዛወዝልሃለን። የፈለግኸውን ያህል። እኔ እንዲያውም ወደ ግራ ትንሽ ልወድቅ እችላለሁ።»

«እኔም!» አሉ አንዱ ከኋላ።

ማንም አልሳቀም። ፊሽካም አልሳቀም። ምክንያቱም ለአንድ አፍታ፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ ከአፍታም ለሚበልጥ ጊዜ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን አየው። ይወዛወዛሉ። መስመሮቹ ይለያያሉ። ፕሮፌሰሯ «ሰሌዳው ነበር» ብለው ይፈርማሉ። ቦታው የሱ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሰው አፉን እንዴት እንደሚዘጋ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አሳይቶታል። ከዚያ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ዐይኑ፣ ሽቦ የሚባረርበትን ደብዳቤ አየ፤ ምንም ያላደረገው ሽቦ።

«አይ» አለ ተነሥቶ። «አትወዛወዙልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ አለኝ።» በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «ግን ጋሼ፣ ጥሩ አድርገው ነው ያስተማሯቸው።»

«አመሰግናለሁ» አሉ ሹፌሩ። አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

በፕሮፌሰሯ ቢሮ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ሽቦ ተቀምጧል። ሲተያዩ ሁለቱም ደነገጡ።

«አንተም ተጠርተህ ነው?» አለ ፊሽካ።

«አይ። ቀጠሮ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አንተስ?»

«እኔም ጠይቄ ነው።»

በሩ ተከፈተ። «ሁለታችሁም አንዳችሁ ስለ ሌላችሁ ብቻዬን ልታነጋግሩኝ ጻፋችሁ» አሉ ፕሮፌሰሯ። «እኔ ሁለት ጊዜ ለመስማት ጊዜ የለኝም። ግቡ። ማን ይጀምር?»

ሽቦ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንዳይቀደም የፈራ ይመስላል። «ፕሮፌሰር፣ ተሳታፊዎቹ የአክስቱ ጎረቤቶች ናቸው። ማን ሠልጣኝ እንደሆነ ስለማያውቅ ሁሉንም በድብቅ ያለማመደ መስሎኛል፣ የሠልጣኞቹ ቁጥር እንዲያምርለት። አንዷን አዋላጅ ጠይቄያቸዋለሁ፤ የሆነ ነገር ደብቀውኛል። ከዚያ በኋላ ነው ቁልፉን ከሚስማሩ ያነሣሁት።»

ፊሽካ ያሰናዳቸው ቃላት ሁሉ አፉ ውስጥ ነበሩ። አንድ በአንድ ዋጣቸው።

«ልምምዱ እውነት ነው» አለ። «ቤቴ ውስጥ ነው የተካሄደው። እኔ ሳላውቅ። አሁን ከምሳ ሰዓት በኋላ እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው።» ሁሉንም ተናገረ፤ ሶፋውን፣ ሹፌሩን፣ የአክስቱን ልመና፣ የስልከኛዋንም ግብዣ። ሊከስ የመጣው ሽቦን እንደነበረም አልደበቀም።

ፕሮፌሰሯ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ነበር፤ ግን ቶሎ አለፈ። «ይህ ልኬት ላሰብከው ጥያቄ አይሆንም» አሉ። «የሆነውን እንደሆነ ጻፈው፤ ከዚያ በሌሎች ሰዎች እንደገና ጀምር። መመረቁ ለዘንድሮ አይደርስም። ቦታውም አይጠብቅም። ይህንን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ስማ። በሚቀጥለው የማያውቁህን ሰዎች ፈልግ። ቢቻል የማይወዱህን።»

ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሄዱ። የዶክትሬቱ ቦታ ወደ ሽቦ ዞሯል፤ ሽቦ ግን የተሰጠውን ነገር የት እንደሚያስቀምጥ ያልገባው እንግዳ ይመስል ነበር።

«ምን ልትላቸው ነበር ስለኔ?» አለ።

«ያልከውን በግልባጩ።»

«ቁልፉንም ጭምር?»

«ከቁልፉ ነበር የምጀምረው።»

ሽቦ ትንሽ ሄደና ቆመ። «አዋላጇ ግን… ስጠይቃቸው ‹ያንን ልጅ ብትነካው ወየውልህ› ነው ያሉኝ። እኔ ማስፈራሪያ አድርገህ የላክሃቸው መስሎኝ ነበር።» ላቦራቶሪው ሲደርሱ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እንደ ድሮው በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለው። «ለአዲሶቹ ሰዎች እኔ ልናገርልህ። አንተ አፍህን ከከፈትክ ይወዱሃል።»

ሴሚስተሩ ሲጀምር ከከተማው ማዶ፣ የአክስቱ ስም በማይታወቅበት ሰፈር፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ አዲስ አዛውንቶችን ሰበሰቡ። ሽቦ ፊት ቆሞ እንደ ማሽን መመሪያ ደረቅ አድርጎ አስረዳ፦ ይህ ፈተና አይደለም፤ የሚያልፍ የለም፣ የሚወድቅ የለም፤ ተጠባባቂ ከሆናችሁ እባካችሁ ምንም አትሥሩ። ፊሽካ ኋላ ግድግዳው ስር ቆሞ ነበር፣ እንደተመከረው ፊቱን አኮሳትሮ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር። ለመጠላት የተቻለውን እያደረገ ነው።

ሰዎቹ ሲበታተኑ ዱላ የያዙ አንዲት ሴትዮ ወደ በሩ ሲያልፉ አጠገቡ ቆሙ። ከታች ወደ ላይ ተመለከቱት፤ የተጨማደደ ሸሚዙን፣ የከሳ ፊቱን።

«ጥናቱ ያንተ ነው አይደል?» አሉ በሹክሹክታ።

ፊሽካ ፊቱን ይበልጥ አኮሳተረ።

ሴትዮዋ ክንዱን መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ ልጄ» አሉ፤ «አናሳፍርህም።»

ፊሽካ ከሰዎቹ ራስ በላይ ሽቦን ፈለገው። ሽቦም ሰምቶ ኖሮ ኬብሉን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል።